በአሜሪካ ነርሲንግ፦ ከስማችሁ ኋላ ለሚገባው ፊደል ከመክፈላችሁ በፊት

ዲሲ አካባቢም ሆነ ሚኒሶታ ወይም ሲያትል፣ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ነርስ አይጠፋም። ነርስ ያልሆነውም "ልማር ይሆን?" እያለ ያስባል። ጥያቄውም ያው ነው። ኤልፒኤን (በአንድ ዓመት ገደማ የሚደረስበት የነርስ ደረጃ) ይሻለኛል ወይስ በቀጥታ አርኤን (ሙሉ ነርስ)? ኤንፒ (የሚያክምና መድኃኒት የሚያዝ ነርስ) ልግባ ወይስ ሲአርኤንኤ (ማደንዘዣ የሚሰጥ ነርስ)? ዲኤንፒ (የነርሲንግ ዶክትሬት) ካልያዙ ወደፊት ሥራ የለም የሚባለው እውነት ነው? አገር ቤት የተማርኩት ነርሲንግ እዚህ ዋጋ አለው? ብዙ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከጓደኛው ነው። ጓደኛው የገባበት ትምህርት ቤት ይገባል፣ ጓደኛው የያዘውን ማዕረግ ይይዛል፣ ከሁለት ሦስት ዓመትና ከስንት ሺህ ዶላር በኋላ ግን የፈለገው ሥራ ሌላ ወረቀት የሚጠይቅ ሆኖ ያገኘዋል።

ማን ምን ይሰጣል?

ከነርስ ስም ኋላ የምታዩአቸው ፊደላት የሚመጡት ከሦስት ቦታ ነው። ዲግሪ የሚሰጠው ትምህርት ቤት ነው፦ ኤዲኤን (የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዲግሪ)፣ ቢኤስኤን (የአራት ዓመቱ ዲግሪ)፣ ኤምኤስኤን (ማስተርስ)፣ ዲኤንፒ፣ ፒኤችዲ። የሥራ ፈቃድ፣ ማለትም ሁላችንም ላይሰንስ የምንለውን፣ የሚሰጠው የግዛቱ ቦርድ ኦፍ ነርሲንግ ነው፦ ኤልፒኤን፣ አርኤን፣ ከዚያ ከፍ ሲል ኤፒአርኤን (ኤንፒንና ሲአርኤንኤን የሚያቅፈው ደረጃ)። ሰርተፊኬት ደግሞ እንደ ኤኤንሲሲ ያሉ የሙያ ድርጅቶች ፈትነው ይሰጣሉ።

ይህንን ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት ነው ችግሩ። ዲግሪ ብቻውን አያሠራም። ኤምኤስኤን አለኝ ያለ ሁሉ ኤንፒ አይደለም፤ ኤምኤስኤን በማስተማርም፣ በአመራርም፣ በኢንፎርማቲክስም ይያዛል፣ በነዚህ ማንም መድኃኒት አያዝም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ደውላችሁ "ማስተርስ አላችሁ?" ከማለት "ስጨርስ የትኛውን የሰርተፊኬት ፈተና መውሰድ እችላለሁ? እኔ ያለሁበት ግዛት ቦርድስ በዚያ ላይሰንስ ይሰጠኛል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በኢሜይል እንዲልኩላችሁ አድርጉ። በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ከታች ያለው ደረጃ

ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) አጭር ሥልጠና ነው። የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ይላል፣ ብዙ ግዛቶች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ለጀማሪ ጥሩ መግቢያ ነው፣ ሥራውን ሳትወዱት ትምህርት ቤት ገብታችሁ ከመክሰር ያድናል። ግን ሲኤንኤ ነርስ አይደለም። ቤተሰብ "ልጄ ነርስ ናት" ቢል ማንም አይከስም፣ ራሳችሁ ፌስቡክ ላይ ወይም ሲቪ ላይ ነርስ ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ግዛቶች ስሙን በሕግ ጠብቀውታል።

ኤልፒኤን አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ኤልቪኤን ይሉታል፣ ያው ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ኖረው፣ ቶሎ ገቢ ማግኘት ግድ ከሆነ ጥሩ ነው። ያለዚያ ግን እኔ በቀጥታ አርኤን ግቡ እላለሁ። "ለጊዜው ኤልፒኤን ልሁን" ብሎ ገብቶ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ድርብ ሺፍት እየሠራ አሥር ዓመት ያለፈበት ሰው በየቤቱ አለ።

አርኤን ለመሆን ሁለት ዋና መንገድ አለ። አንዱ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚያዘው ኤዲኤን ነው፣ የነርሲንጉ ትምህርት ሁለት ዓመት ሆኖ ከፊቱ እንደ አናቶሚ፣ ማይክሮባዮሎጂና ስታቲስቲክስ ያሉ መግቢያ ኮርሶች አሉት። ሌላው የአራት ዓመቱ ቢኤስኤን ነው። ፈተናው ግን አንድ ነው፣ ኤንክሌክስ አርኤን። ላይሰንሱም አንድ ነው፣ ላዩ ላይ የት እንደተማራችሁ አይጻፍም። ሜሪላንድ ያላችሁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅን፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ስፕሪንግፊልድ ያለውን የኖቫን (የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን) የሕክምና ካምፓስ ሳታዩ ውድ የግል ትምህርት ቤት አትፈርሙ። መግባቱ ፉክክር አለው፣ ያስጠብቃል፣ ዋጋው ግን አይወዳደርም።

ታዲያ ቢኤስኤን ለምን ያስፈልጋል? አንደኛ፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ በተለይ ማግኔት የሚባለውን የነርሲንግ ጥራት እውቅና የያዙት፣ ሲቀጥሩ ይመርጡታል። ሁለተኛ፣ ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ አዲስ አርኤኖች በአሥር ዓመት ውስጥ ቢኤስኤን እንዲይዙ ታስገድዳለች። ሦስተኛ፣ ወደ ኤንፒ ወይም ሲአርኤንኤ የሚወስደው በር አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ግን ከመጀመሪያው መያዝ የለበትም። በኤዲኤን ላይሰንስ አውጥቶ፣ ሥራ ገብቶ፣ ቢኤስኤኑን ኦንላይን በአሠሪ ገንዘብ መጨረስ ለኪስ የሚሻለው መንገድ ነው።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። አገር ቤት በሌላ ትምህርት ዲግሪ ካላችሁ፣ አካውንቲንግም ይሁን ባዮሎጂ፣ ዲግሪያችሁን አስገምግማችሁ የተፋጠነ ቢኤስኤን የሚባለውን መግባት ትችላላችሁ። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ነው። ከባድ ነው፣ እየሠሩ አይሆንም፣ ግን አራት ዓመት እንደገና ከመቀመጥ ያድናል።

አገር ቤት ነርስ ለነበራችሁ

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቢኤስሲ ነርስ ሆኖ፣ ዓመታት ሠርቶ፣ እዚህ መጥቶ "ከዜሮ ነው የምትጀምረው" የተባለ ሰው ሲኤንኤ ይማራል። ከዚያ ሥራ ይይዘዋል፣ በቃ። እንዲህ የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ወረቀታችሁ ተገምግሞ ካለፈ ኤንክሌክስ መቀመጥ ትችላላችሁ፣ ትምህርት ቤት ደግማችሁ ሳትገቡ። ዲፕሎማ ያላችሁም ሳትሞክሩ ተስፋ አትቁረጡ። ቦርዱ የሚያየው የአዋቂዎች፣ የሕፃናት፣ የእናቶችና የአእምሮ ሕክምና ትምህርትና የተግባር ልምምድ ወስዳችሁ እንደሆነ ነው፣ የጎደለ ካለ እሱን ብቻ እንድታሟሉ ሊጠይቅ ይችላል። ካሊፎርኒያ ደግሞ የክፍል ትምህርቱና የተግባሩ በአንድ ጊዜ መወሰዳቸውን አጥብቃ ትመረምራለች፣ ስለዚህ ለመጀመሪያ ማመልከቻ የማይመች ግዛት ናት።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የምታመለክቱበትን ግዛት ቦርድ ድረ ገጽ አንብቡ፣ የጓደኛችሁን ግዛት አይደለም። ብዙዎቹ በሲጂኤፍኤንኤስ በኩል የትምህርት ግምገማ ይጠይቃሉ። ይህ ድርጅት ቅርብ ጊዜ ትሩሜሪት ተብሏል፣ ስሙ ተቀይሮ ብታዩት አትደንግጡ። ትራንስክሪፕቱ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ መላክ አለበት፣ ሻንጣ ውስጥ ይዛችሁት የመጣችሁት ኦሪጅናል አይቆጠርም። የኢትዮጵያ የሥራ ፈቃዳችሁም ከሰጠው መሥሪያ ቤት መረጋገጥ አለበት። እንግሊዝኛ የሚጠይቁ ግዛቶች አሉ፣ ቶፍል ወይም አይልትስ። ሁሉ ሲያልቅ ቦርዱ ይፈቅድላችኋል፣ ፒርሰን ቪው ጋር 200 ዶላር ከፍላችሁ ትመዘገባላችሁ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ እስከ አምስት ሰዓት፤ ኮምፒውተሩ ችሎታችሁን የለካ ሲመስለው ራሱ ያቆመዋል። 85ኛው ላይ ከቆመ ወደቅሁ ብላችሁ አታልቅሱ፣ አለፍኩ ብላችሁም አትጨፍሩ።

አሁን ወደ ትንንሾቹ ግን ሰው ወደሚያቃጥሉት ነገሮች። ሬጅስትራር ቢሮ ያለ ሰው የሚሮጥለት ከሌለ ፋይል አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና ላኩ። ወኪሉ ግን መግፋት ብቻ ነው ያለበት፣ ታሽጎ የሚላከውን ፖስታ እሱ ከያዘው ዋጋ የለውም። ስም ሌላ ጣጣ ነው። ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ፣ ዲፕሎማው ላይ ሌላ፣ የሥራ ፈቃዱ ላይ ሦስተኛ፤ አንዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ገምጋሚው አንድ ሰው መሆናችሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከመጀመሪያው ሁሉንም በፓስፖርቱ አጻጻፍ አድርጉ፣ ለልዩነቱ የአንድ ሰውነት ማረጋገጫ በቃለ መሐላ አዘጋጁ። ፈተና ቀን መታወቂያችሁ ላይ ያለው ስም ከተመዘገባችሁበት ጋር ካልገጠመ አያስገቧችሁም፣ የከፈላችሁትም ይሄዳል።

የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ። ሐምሌ 2003 የተመረቀ ሰው ወረቀቱ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተጻፈ፣ ገምጋሚው እንደ ፈረንጅ 2003 ያነበዋል፣ በእውነቱ 2011 ነው። የስምንት ዓመት ልዩነት! አንዱ ሰነድ በሐበሻ፣ ሌላው በፈረንጅ ሲሆን ደግሞ ሳትማሩ የተመረቃችሁ፣ ሳትመረቁ የተቀጠራችሁ መስላችሁ ቁጭ ትላላችሁ። ሬጅስትራሩ ሁለቱንም ቀን እንዲጽፍ ጠይቁ።

ሳትማሩ ወረቀት እንሰጣለን የሚሉ

እ.ኤ.አ. ጥር 2023 ኤፍቢአይና የጤና ሚኒስቴሩ መርማሪዎች አንድ ትልቅ የሐሰት ዲፕሎማ ንግድ ማጋለጣቸውን ይፋ አድርገዋል። ከፍሎሪዳ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የነርሲንግ ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት ተሸጦ ነበር። የገዙት ኤንክሌክስ መቀመጥ ችለዋል፣ የተወሰኑት አልፈው ሥራ ላይም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦርዶች ላይሰንስ መንጠቅ ጀመሩ። "በስድስት ወር፣ ክላስ የለም፣ ክሊኒካል የለም" የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ቢመጣላችሁ፣ ያመጣው የቤተ ክርስቲያን ሰውም ቢሆን ዝጉት።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ትምህርት ቤቱ በግዛቱ ቦርድ መፈቀዱን የቦርዱ ድረ ገጽ ላይ እዩ። ሲሲኤንኢ ወይም ኤሴን የሚባሉት የነርሲንግ ትምህርት ቤት መዛኞች እውቅና እንደሰጡት እዩ፣ አለበለዚያ ነገ ማስተርስ ስትሉ ክሬዲታችሁን የሚቀበል አይኖርም። ቦርዶች የየትምህርት ቤቱን ተማሪዎች የኤንክሌክስ ማለፊያ መጠንም ያወጣሉ። ያንን ቁጥር ሳታዩ መመዝገቢያ አትክፈሉ።

ከአርኤን በላይ

ኤፒአርኤን የሚባሉት አራት ናቸው፦ ነርስ ፕራክቲሽነር፣ ነርስ አኔስቴቲስት፣ ነርስ ሚድዋይፍ፣ ክሊኒካል ነርስ ስፔሻሊስት። ኤንፒ የሚባለው ሙያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፣ ሎሬታ ፎርድ የተባለች ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም ናቸው ያስጀመሩት።

ኤንፒ ስትገቡ የምትመርጡት "ኤንፒነትን" ብቻ ሳይሆን የምታክሙትን ሕዝብ ጭምር ነው። ኤፍኤንፒ የቤተሰብ ነው፣ ክሊኒክ ውስጥ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ያያል። ሐበሻው በጅምላ የሚገባው እሱን ነው። ግን አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) የምትወዱ ከሆናችሁ ኤፍኤንፒ ይዛችሁ አይሲዩ ውስጥ ኤንፒ ልሁን ስትሉ ብዙ ሆስፒታል የአኪዩት ኬር ሰርተፊኬት አምጡ ይላችኋል። እንደገና ትምህርት ቤት ገብታችሁ ከማስተርስ በኋላ የሚሰጠውን ተጨማሪ ፕሮግራም መክፈል ነው። የአእምሮ ሕክምናው ፒኤምኤችኤንፒ ነው፤ አሁን ብዙ ሰው እየገባበት ነው፣ በአማርኛ "ጨንቆኛል" የሚላትን እናት የሚረዳ ሰው ስለሌለ ደግሞ እኔ ደስ ነው የሚለኝ፣ ቤት ሆኖ በስክሪን ለመሥራት ብቻ ብላችሁ ካልሆነ።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ናት፦ ክሊኒካሉን (የተግባር ልምምዱን) የምታገኙልኝ እናንተ ናችሁ ወይስ እኔ ነኝ? ብዙ የኦንላይን ፕሮግራሞች ፕሪሴፕተር (ልምምዱን የሚያሠራ ባለሙያ) ፈልጋችሁ አምጡ ይላሉ። አሁን ባለው መስፈርት ቢያንስ 750 ሰዓት ከታካሚ ጋር መሥራት አለባችሁ። ያንን የሚያሠራ ሐኪም ወይም ኤንፒ ለማግኘት የአገሩን ክሊኒክ በር ስታንኳኩ ትከርማላችሁ፣ ገንዘብ የሚጠይቁም አሉ፣ ካልተገኘ ምረቃው ይገፋል። ክፍያው ትንሽ ወደድ ብሎ ቦታ የሚያዘጋጅላችሁ ትምህርት ቤት በመጨረሻ ይረክሳል።

የምትኖሩበት ግዛትም ለውጥ አለው። ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ ኤንፒ በራሷ ክሊኒክ ከፍታ መሥራት ትችላለች። ቴክሳስ ውስጥ ግን መድኃኒት ለማዘዝ ከሐኪም ጋር የተፈረመ ስምምነት ያስፈልጋል። የራሴን ክሊኒክ እከፍታለሁ የምትሉ ይህንን ከቤት ኪራይ በፊት አስቡት።

ሲአርኤንኤ ሌላ ዓለም ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት የአይሲዩ ሥራ ይጠይቃል፣ ፉክክሩ ግን ከዚያ በላይ እንድትሠሩ ያደርጋል። ፕሮግራሙ ሦስት ዓመት ነው፣ ሥራ እየሠሩ አይሞከርም፣ ቢያንስ 600 ማደንዘዣና 2,000 የክሊኒካል ሰዓት አለው። ከ2022 ጀምሮ የሚገባ ሁሉ በዶክትሬት ደረጃ ነው የሚማረው። ደሞዙስ? የመንግሥት የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2024 ያወጣው መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ ለሲአርኤንኤ ወደ 223 ሺህ ዶላር፣ ለኤንፒ ወደ 129 ሺህ፣ ለአርኤን ወደ 94 ሺህ ነው። ሰው ይህንን ቁጥር አይቶ ይሮጣል። ሦስት ዓመት ያለ ደሞዝ መኖርን ግን አብራችሁ ደምሩ፣ ሁለት ልጅና የቤት ሞርጌጅ ካለ በተለይ።

ስለ ዲኤንፒ ያለኝን ልንገራችሁ። ዲኤንፒ ለተግባር፣ ፒኤችዲ ለምርምር ነው። ኤንፒ ለመሆን ዲኤንፒ ግዴታ ነው የሚባለው ወሬ የመጣው የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር በ2004 "በ2015 ወደዚያ እንሻገር" ብሎ ስለነበር ነው። 2015 መጣ፣ ሄደ፣ ዛሬም በማስተርስ ኤንፒ መሆን ይቻላል። በአንድ ግዛት ውስጥ ኤምኤስኤን ያላት ኤንፒና ዲኤንፒ ያላት ኤንፒ ሥልጣናቸው እኩል ነው። ማስተማር፣ ሆስፒታል መምራት ወይም ሲአርኤንኤ ካሰባችሁ ተማሩት። "ዶክተር" ለመባል ብቻ ከሆነ ግን ውድ ነው። ከመመዝገብ በፊት አሠሪያችሁን ለዲኤንፒ በሰዓት ስንት ትጨምራላችሁ ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ መልሱን ሰምታችሁ ፎርሙን ትዘጋላችሁ።

ገንዘቡ

መጀመሪያ የአሠሪያችሁን የትምህርት ክፍያ ጥቅም ተጠቀሙ። በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ታክስ አይቆረጥበትም። ውሉን ግን አንብቡ፣ ብዙዎቹ ከጨረሳችሁ በኋላ እዚያው እንድትቆዩ ያስራሉ፣ ከወጣችሁ መልሱ ይላሉ። ነርስ ኮር የሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም ነርስ በማይገኝበት ተቋም ሁለት ዓመት ለሠራ ሰው የነርሲንግ ትምህርት ብድሩን 60 በመቶ ይከፍላል፣ ሦስተኛ ዓመት ከተጨመረ ሌላ 25 በመቶ። ማመልከቻው በዓመት አንዴ ነው የሚከፈተው።

ብድር ለሚያስቡ ማስጠንቀቂያ አለ። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር እ.ኤ.አ. ከሐምሌ (ጁላይ) 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ይዘጋል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የፌዴራል ብድሩ ጣሪያ በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላ 100 ሺህ ይሆናል፤ ለሕክምናና ለመሳሰሉት ከፍ ይላል፣ ነርሲንግ ከየትኛው ወገን ይቆጠር የሚለው ደግሞ ትልቅ ጭቅጭቅ ሆኗል። ሲአርኤንኤ ያሰባችሁ ሰዎች ትምህርት ቤቱ የገንዘብ ቢሮ ሄዳችሁ ይህንን ሳታጣሩ ሥራ እንዳትለቁ።

ፊደሎቹን እንዴት እንጻፍ?

ቅደም ተከተሉ ዲግሪ፣ ላይሰንስ፣ ሰርተፊኬት ነው። ዲግሪ የሚቀድመው ማንም ስለማይነጥቃችሁ ነው፣ ላይሰንስና ሰርተፊኬት ግን ካልታደሱ ይወድቃሉ። ስለዚህ ስም፣ ቀጥሎ ኤምኤስኤን፣ ቀጥሎ አርኤን፣ መጨረሻ ላይ ኤፍኤንፒ-ቢሲ። በኤኤንሲሲ የተፈተነች "ቢሲ" ትላለች፣ በሌላው ቦርድ በኤኤኤንፒ የተፈተነች "ሲ" ብቻ፤ የሌላኛውን መጻፍ ስህተት ነው። ከአንድ ዘርፍ ከፍተኛውን ዲግሪ ብቻ ጻፉ፣ ኤዲኤንም ቢኤስኤንም ኤምኤስኤንም ደርድራችሁ ባቡር አታስመስሉት። እየተማራችሁ ያላችሁትንም አትጻፉ፣ እስክትመረቁ የእናንተ አይደለም።

ዲኤንፒ ይዛችሁ ታካሚ ፊት "ዶክተር እገሌ ነኝ" ካላችሁ፣ ወዲያው "ነርስ ፕራክቲሽነር ነኝ" በሉ። አንዳንድ ግዛቶች ከዚያም በላይ ጥብቅ ናቸው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2022 ራሷን ዶክተር ብላ ያስተዋወቀች ኤንፒ ወደ 20 ሺህ ዶላር ተቀጥታለች። አሮጊቶቻችን ነጭ ጋውን ያየ ሁሉ ሐኪም ስለሚመስላቸው በአማርኛም አስረዷቸው።

ላይሰንሳችሁን ነርሲስ የተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ አስመዝግቡ፣ ሊያልቅ ሲል ኢሜይል ይልክላችኋል። የኤንፒ ሰርተፊኬት በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፣ የተማራችሁበትን ሰዓት ማስረጃ ከዛሬ ጀምራችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ግዛት የምትቀይሩ ከሆነ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በአንድ ላይሰንስ በአባል ግዛቶች ሁሉ የሚያሠራው የጋራ ላይሰንስ አባል ናቸው፣ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ አይደሉም፣ የጋራው ደግሞ ለአርኤንና ለኤልፒኤን እንጂ ለኤንፒ አይሠራም። ስታገቡ ወይም ዜግነት ስትወስዱ ስም ከቀየራችሁ ላይሰንሱንም ሰርተፊኬቱንም በአንድ ላይ አስቀይሩ፣ ካልገጠሙ አዲሱ አሠሪ ሲያጣራ ሥራ የምትጀምሩበት ቀን ይገፋል።